ቀርበው የሚያነሱበት ሌንስ

ልጄ ከጅቡቲ ስትመጣ ከእሷ ቀድሞ ቤት የሚገባው የቦርሳዋ ሽታ ነው። ባቡር ላይ ታፍኖ የዋለ እርጥብ ጎማ፣ ጨው፣ ደግሞም ስሙን የማላውቀው የዓሣ ነገር። ዚፑን ስትከፍተው አልጋው ሥር ድመት የሞተ ይመስለኛል። "እማ፣ ባሕር እኮ እንዲህ ነው የሚሸተው" ትለኛለች። "እንግዲያው ባሕሩን ሐኪም ይየው" እላታለሁ። እሷ ትስቃለች፣ እኔ አፍንጫዬን በሻሼ ጫፍ ይዤ ቦርሳውን ወደ ግቢ አወጣዋለሁ።

ባለፈው ስትመጣ የጎማ ልብሷን አውጥታ ገመድ ላይ ሰጣችው። ገላን ሁሉ ሸፍኖ ገላን ሁሉ የሚያሳይ ልብስ ነው። እንደ ተገፈፈ ቆዳ ሲንጠለጠል ጎረቤት ሳያየው አንሶላ ጣል አደረግሁበት። ቀጥላ የውሃ መነጽሯን አወጣችና እዚያው ፊቴ እንትፍ አለችበት። ምራቋን በጣቷ መስታወቱ ላይ አሻሸችው።

"ምን እያደረግሽ ነው አንቺ?"

"እንዳያልበው ነው፣ እማ። ምራቅ ካልነካው ውሃ ውስጥ ጉም ይይዘዋል።"

"እንትፍ ያልሽበትን መልሰሽ ዓይንሽ ላይ?"

"የራሴ ምራቅ እኮ ነው! የእንግዶቹንም እኔ ነኝ የምተፋላቸው። ፈረንጆቹ ደግሞ ያመሰግኑኛል።"

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

የሄደችው ሆቴል ወጥ ቤት ልትሠራ ነበር። ከሆቴሉ ጀልባ ላይ ገባች፤ ያም ወጥ ቤት ነው ስትለኝ ተውኳት። ጀልባው ቱሪስቶችን ይዞ ትልልቅ ዓሣ ወዳለበት ይወስዳል። ሰዎቹ ዘለው ይገቡና ከዓሣው ጋር ይዋኛሉ፤ ለዚህ ደግሞ ይከፍላሉ። ልጄ ሽንኩርት እየከተፈች ስታያቸው ቆየችና አንድ ቀን እሷም ገባች። ዋና ከየት ተማርሽ ስላት "ከሚፈራው ሰው በስተቀር ሁሉም ይችላል" አለችኝ። የምፈራው እኔ እናቷ መሆኔን ልትነግረኝ ነው።

አሁን ደግሞ የጀልባው ባለቤት አንድ ነገር ነግሯታል። እንግዶቹ ከዓሣው ጋር ፎቶ ይፈልጋሉ፤ የራሱ የውሃ ካሜራ ያለው ሠራተኛ ፎቶ አንሺ ይሆናል፣ የሌለው ድስቱን ያጥባል። ለዚህ ነው የመጣችው። ጅቡቲ ዋጋው አይቀመስም፤ እዚህ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ግን ሁሉ ነገር ዞሮ ይገኛል። "አብረሽኝ ትሄጃለሽ፣ እማ፤ ካንቺ ጋር ከሆንኩ አያታልሉኝም።" ካሜራ ካገኘች ቀኑን ሙሉ ባሕር ውስጥ ልትውል ነው። ካላገኘች ወጥ ቤት። እኔ የምወደው ወጥ ቤቱን ነው። ከእሷ ሌላ ልጅ የለኝም።

እኔ ውሃን የማውቀው ድሬዳዋን ለሁለት በሚከፍለው በደቻቱ ወንዝ ነው። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ግመል ይተኛበታል። እኛ ዘንድ ጠብታ ሳይወርድ ላይ ተራራው ላይ ይዘንብና ድፍርሱ ውሃ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። ልጄን አዝዬ የሸሸሁበት ክረምት አለ። እኛ ተረፍን። ከጎናችን የነበረችው ሴትዮ አልተረፈችም። ውሃው ሲሄድ ጭቃው ናፍጣና ሽንት ይሸት ነበር፤ ደጃፌ ላይ ሆዷ የተነፋ ፍየል ተሰንቅራ ቀርታለች። ጎረቤቴ ስትገኝ አጥበን የከፈንናት እኛ ሴቶቹ ነን። አፏ ውስጥ ጭቃ ሞልቶ ነበር። በዚህ ጣቴ አወጣሁት፤ ጨረስኩ ስል ሌላ ይመጣል። ስለዚህ ልጄ ባሕር ውስጥ ገባሁ ስትለኝ የሚታየኝ ሰማያዊ ነገር አይደለም።

ታይዋን የሄድነው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ስህተታችን እሱ ነበር። በዚያ ሰዓት ነጋዴው ሁሉ ጉንጩ በጫት ተወጥሯል። የእኛ ሰውዬ ከሽቶና ከቻርጀር መሃል ተጋድሞ ነበር፤ ጥርሱ አረንጓዴ፣ ከንፈሩ ጥግ ላይ የደረቀ አረፋ። ያውቀኛል። ሚስቱ ቀፊራ ገበያ ከእኔ ነው ቲማቲም የምትገዛው። "ሆዮ" ይለኛል፣ በሶማልኛ እናቴ ማለቱ ነው፤ በዕድሜ ግን እኩያዬ ነው።

"የውሃ ካሜራ? አቦ፣ ዛሬ አላህ ወደኔ ነው የላካችሁ!" አለና ከመደርደሪያው ሥር የሽቶ ካርቶን ጎተተ። ከውስጡ ኪስ የምትገባ ካሜራ አወጣ፣ ቀጥሎ ሌላ። እያንዳንዳቸው ወፍራም የፕላስቲክ ቤት አላቸው፤ ካሜራዋ እዚያ ውስጥ ተቆልፋ ነው ባሕር የምትገባው። አንደኛዋ ከሩቅ የምታቀርብ ናት፣ ዙም የሚሉት። ሁለተኛዋ ሩቁን አታቀርብም፤ በእሷ ፈንታ ከፕላስቲኩ ቤት ፊት ለፊት የሚጠመድ ሰፊ ሌንስ አላት። ጉልህ፣ ወደ ውጭ ያበጠ፣ ልክ የታረደ በግ ዓይን።

ሰውዬው አውራ ጣቱን ላሰና ያንን ዓይን ጠረገው። አረንጓዴ ጭረት ቀረበት። ያንን ደግሞ በሽርጡ ጫፍ ጠረገው፤ ሽርጡ ከጣቱ አይሻልም ነበር።

"ዙሟን ውሰጂ፣ ሆዮ። ይቺ ጨረቃን ከነጠባሳዋ ታመጣለች።"

ልቤ ዘለለ። "ከጀልባው ሳትወርድ ዓሣውን ታነሳለች?"

"ከፈለገች ከድሬ ሳትወጣ ታነሳለች!"

"በቃ እሷን ነው የምንወስደው" አልኩ።

"እማ፣ አይሆንም" አለች ልጄ። "ዓሣው ውሃ ውስጥ ነው ያለው። ውሃ ውስጥ ደግሞ ሩቅ የሚባል ነገር የለም። ውሃው ራሱ እንደ ጭስ ነው፤ በአንቺና በዓሣው መሃል የበዛ ውሃ ካለ ፎቶው ላይ የሚወጣው ውሃው ነው። ሰፊው ሌንስ ግን ተጠግተሽም ትልቁን ነገር ሙሉውን ያስገባልሻል።"

"ተጠግተሽ ማለት?"

እጇን ዘረጋች። ክንዷ እስከሚደርስበት። "ይህን ያህል።"

ያንን ዓሣ በስልኳ አሳይታኛለች። አውቶቡስ ያክላል፤ ሻርክ ይሉታል፣ ግን ሰው አይነካም አለችኝ። አፉን እንደ መጋዘን በር ከፍቶ ሾርባ የመሰለ ውሃ ይውጣል፣ ጥቃቅኑን ነገር ያስቀራል፣ የቀረውን በአንገቱ ስንጥቅ ይተፋዋል። ያንን ሳይ ነበር ስልኩን የመለስኩላት። አሁን ደግሞ በክንድ ርቀት።

"ሰው እናቱን ይሰማል!" አለ ሰውዬው። "ሆዮ ገበያ ያደገች ናት፣ ታውቃለች።"

"አንተ ደግሞ ውሃ የምታውቀው በብርጭቆ ነው" አለችው ልጄ።

"ወላሂ እሱንም የምጠጣው ጫቱ ሲደርቅብኝ ነው!" ብሎ ሲስቅ የተፈጨ ቅጠል ክንዴ ላይ አረፈ። ጠረግሁት። ከዚያ የሰፊውን ሌንስ ፕላስቲክ ቤት ከፈትኩት፣ ምን እንደማይ ሳላውቅ። ውስጡ ረጅም ቢጫ ጸጉር ተጣብቋል። የማን ራስ እንደሆነ አላህ ይወቅ። ጥጉ ላይ የደረቀ ጨው፣ ከጨው ጋር ደግሞ ትንሽ የነፍሳት ክንፍ።

"ይኸ ከሞተ ሰው የተገፈፈ ነው" አልኩ።

"ከዱባይ ነው፣ ሆዮ!"

"ዱባይም ሰው ይሞታል።"

ስንጨቃጨቅ ቆይተን ሰለቸውና "ሁለቱንም ውሰዷቸው፣ ሞክሩ፣ የማትፈልጉትን መልሱ። እናንተን የት አጣችኋለሁ?" አለ። ስንወጣ ልጄ ሰፊውን ሌንስ፣ እኔ ዙሟን ታቅፌ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ልጄ ጓደኛዋን ልትጠይቅ ሄደች። ያ ጸጉር ያለበት ነገር ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ መቀመጥ አልቻልኩም። ከበርሜሉ ውሃ ቀዳሁ፣ የዱቄት ሳሙና በጠበጥኩ፣ ካሜራዎቹን ሳልነካ የፕላስቲክ ቤቶቹን እያንዳንዱን ጥግ በጥርስ ብሩሽ ፈተግሁ። ጸጉሩን በወረቀት ይዤ ጣልኩት። ሰፊውንም ሌንስ አጠብኩት። ከዚያ እንደማንኛውም የታጠበ ዕቃ ሳፋ ላይ ደፍቼ ፀሐይ ላይ ተውኳቸው። የድሬ ፀሐይ ለዚህ ሥራ ጊዜ አይፈጅባትም።

ልጄ ስትመለስ አይታ ሳቀች። "አጠብሻቸው?"

"ነጃሳ ነበሩ።"

"አደራሽን ካሜራዋን ራሷን እንዳታጥቢያት!"

መፈተሻው እንዲህ ነው፦ ካሜራዋን ሳያስገቡ፣ ባዶው ቤት ውስጥ ሶፍት ያደርጋሉ፣ ይቆልፋሉ፣ ውሃ ውስጥ ይዘፍቃሉ። ሶፍቱ ደረቅ ከወጣ ካሜራዋ ትድናለች። በክዳኑ ዙሪያ የጎማ ቀለበት አለ፣ እንደ ግፊት ድስት ክዳን ጎማ። ውሃን የሚከለክለው እሱ ብቻ ነው። ልጄ ከጀልባው ያመጣችውን ቅባት በስሱ ቀባችው። ቫዝሊን ላምጣልሽ ብላት "ጎማውን ያሳብጠዋል!" ብላ ጮኸችብኝ።

የሰፊውን ሌንስ ቤት በርሜሉ ውስጥ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ያዘችው። ከክዳኑ ጥግ ቀጭን አረፋ ተከታትሎ ወጣ። ልጄ ፊቷ ተለወጠ። አውጥታ ስትከፍተው ሶፍቱ ሟምቷል፤ በጣቷ ስትነካው እንደ አክታ ተሳበ። ፊቴን አዞርኩ። ግን ደስ ብሎኝ ነበር፣ እዋሻለሁ? ደስ ብሎኝ ነበር።

ስልክ ደወለች፣ ድምፁን ከፍታ።

"አንተ ሌባ! የሚያፈስ ሸጥክልኝ!"

"ማን ሸጠልሽ? ገና አልገዛሽም እኮ።"

"የክዳኑ ጠርዝ ተበልቷል፣ ሻክሯል! አይተህ ነው የሰጠኸኝ!"

"ወላሂ፣ ቢላሂ፣ ትናንት እንደ ሕፃን ጉንጭ ነበር። እናንተ ቤት ምን በላው?"

ዘጋችበት። እኔ ክዳኑን አነሳሁ። ጎማው የሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ነጭ ነገር አለ፣ በጥፍር ሲነኩት እንደ አሸዋ የሚሻክር። ያንን ነጭ ነገር የድሬ ሴት ታውቀዋለች። ውሃችን ኖራ ነው። ጀበናችን ውስጥ ይጋገራል፣ የጀሪካን አፍ ላይ ይደርቃል፣ ብርጭቆውን ያሳውረዋል። ፕላስቲኩ አልተበላም። ውሃው ፀሐይ ላይ ሲደርቅ የተወው ነው።

ብትመልሰው ይሻላል ብዬ ለልጄ አልነገርኳትም። ድስቷን ትጠብ።

ልጄ ደረጃው ላይ ተቀምጣ እጇን ታደርቅ ነበር። "ይሁን፣ ስልኬን በፕላስቲክ ከረጢቱ አደርጋለሁ" አለች።

"ምን ከረጢት?"

"እስካሁን በእሱ አይደል የማነሳው? አንገቱ ይፈታል እንጂ።"

"እስካሁን?"

መናገሯን ያኔ ነው ያወቀችው። ቀስ እያለች ነገረችኝ። ካሜራ ኖረም አልኖረም ከገባች ቆይታለች። በአንድ እጇ የከረጢቱን አንገት አንቃ ትዋኛለች። በቀደም ከረጢቱ ውሃ ሲያስገባባት እሱን ስታይ፣ ጀልባው በማዕበል ተገፍቶ ወደ እሷ ሲመጣ አላየችውም። የሞተሩን ድምፅ የሰማችው አጠገቧ ሲደርስ ነው። ሌላዋ የጀልባው ሠራተኛ ናት በእግሯ ይዛ የጎተተቻት።

"ምንም አልሆንኩም እኮ" አለች።

የሞተሩ ምላጭ ሥጋን ምን እንደሚያደርግ ለማሰብ ባሕር ማየት አያስፈልገኝም፤ ሥጋ ቤት አይቻለሁ። ተነስቼ ከግቢው ጥግ ሄጄ ተፋሁ። ስመለስ ሁለት እጇ ነጻ የሚሆንበትን፣ ዓይኗ የሚያፈስ ከረጢት ላይ ሳይሆን ዙሪያዋ ላይ የሚሆንበትን ነገር አሰብኩ። እኔ ስፈራም ስጸየፍም እሷ ውሃ ውስጥ ነበረች። ከባሕሩ መቅረት የሚባል ነገር ገበያ ላይ አልወጣም። የወጣው እነዚህ ዕቃዎች ናቸው።

"ሎሚ አምጪ" አልኳት።

"ለምን?"

"አምጪ አልኩሽ።"

ሎሚውን ቆርጬ በጨርቅ እያስነካሁ ጠርዙን ጠረግሁት። ኖራው ፈላ፣ ተነሳ፣ ጨርቁ ላይ እንደ እርጎ ተጠራቀመ። ጠርዙ ለሰለሰ። የዙሟን ቤትም ሌንሱንም እንዲሁ አደረግሁ፤ ያንን የበግ ዓይን በመዳፌ ይዤ ሳሸው እየዘገነነኝ። በታሸገ ውሃ አለቅልቀን በንጹሕ ጨርቅ አደረቅነው። ልጄ "የጀበናው ነገር!" ብላ ግንባሯን መታች። "ሰውዬውን ሌባ ብዬዋለሁ እኮ።"

"በሌላ ነገር ሌባ ነው፣ ግድ የለም።"

እንደገና ዘፈቀችው። አረፋ አልወጣም። ሶፍቱ እንደገባ ወጣ፣ እኔ ራሴ በጉንጬ ነካሁት።

እኔ ግን የዙሙን ነገር አልተውኩም። "አሳዪኝ" አልኳት። "አይሆንም ካልሽ ምክንያቱን ልየው።" የበርሜሉን ዝቃጭ በእንጨት አማሰለችው። ከሥሩ የተነሳውን ብነግራችሁ እኔ ቤት ውሃ አትጠጡም። ከዚያ ቲማቲም በክር አስራ አወረደች። ሁለቱም ቤቶች አያፈሱም ነበርና በየተራ አስገባቻቸው። ዙሟ ከውሃው ገጽ ሆና ያነሳችው ግራጫ ብቻ ነው፤ ቲማቲም ይሁን አይጥ አይለይም። ሰፊው ሌንስ ተጠግቶ ያነሳው ግን ቀይ ነው፣ ከነቆዳው፣ ከነጠባሳው፣ ከኋላው የበርሜሉ ግድግዳ ሳይቀር።

"አየሽ?"

"ዙሟን ይዘሽ ብትገቢስ? ፎቶ እስኪወጣልሽ?"

"እሱማ አይወጣም። ደጋግሜ እየሞከርኩ እውላለሁ።"

እዚያ ላይ ቆረጥኩ። ይህንን ያኔ ለእሷ አልነገርኳትም፤ ለሰውዬው ነው የነገርኩት፣ ዙሟን ስንመልስ። በማግስቱ በጠዋት ነበር የሄድነው፣ አፉ ገና ባዶ ነው፣ የባሰ ይሸታል።

"ሆዮ! በቀደም ሩቋን ስትይ አልነበር?"

"በሩቋ ፎቶ አይወጣላትም። ፎቶ ካልወጣላት ከውሃው አትወጣም። በዚህችኛዋ ቀርባ፣ አንስታ፣ ቶሎ ትውጣልኝ።"

ሰውዬው የሰፊዋን ዋጋ ቆጥሮ ኪሱ ከተተ። ሌንሱን ሊጠርግልኝ አውራ ጣቱን ወደ አፉ ሲወስድ እጁን በጥፊ መታሁት። ልጄ በሳቅ ወደቀች። ሌንሱን ራሴ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ቦርሳዋ ውስጥ አደረግሁት። ስትሄድ አንድ ነገር ብቻ አስማልኳት፤ ያቺ በእግሯ የጎተተቻት ልጅ ሳትኖር እንዳትገባ። ማለች። ትጠብቀው አትጠብቀው አላውቅም። እየጠየቅሁ አስቸግራታለሁ።

አሁን ፎቶ አንሺ ናት። እኔ ቀፊራ ሽንኩርቴንና ቲማቲሜን ዘርግቼ ስቀመጥ ስልኬን ጭኔ ላይ አደርጋለሁ። ጠዋት ምንም አይመጣም፤ ያን ጊዜ ባሕር ውስጥ ናት፣ እኔም ሚዛኔን ደጋግሜ እሳሳታለሁ። ከሰዓት በኋላ ነው የሚጮኸው። ደንበኛ ፊቴ ቆሞ ቢሆንም እጄን በቀሚሴ ጠርጌ አነሳዋለሁ። አንድ ቀን ያ ዓሣ ነው፣ ቆዳው ኩፍኝ የወጣበት ይመስላል። ሌላ ቀን ንፍጥ የመሰለ ነገር፣ አንጀቱ ከውጭ የሚታይ፣ በሰፊው ሌንስ ስክሪኑን ሁሉ የሞላ። ከሥሩ "እማ፣ አያምርም?" ብላ ትጽፋለች። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፣ ለዚህ መልስ ግን ይበቃል፤ "አያምርም" ብዬ እልክላታለሁ።

ፎቶውን ውሃ ውስጥ ሆና መላክ አትችልም። ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ካሜራዋን ከፕላስቲክ ቤቷ ማውጣት፣ ወደ ስልኩ ማሳለፍ፣ እጅ ማድረቅ አለ። ስለዚህ ስልኩ ሲጮህ ወዲያው አልከፍተውም። መጀመሪያ እተነፍሳለሁ። ከዚያ ከፍቼ እጸየፋለሁ።